ብሮንዚና መቀየር ሞተር መሥራት አይደለም!

ጎፋ ያላችሁ የጋራዥ ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ቅር የሚያሰኘው ካለ ይቅር ይበለኝ። ግን ይነገር።

ተርቦ ያለው ሱባሩ ወይም ጎልፍ ጂቲአይ ይመጣል። ከሥር «ቷ ቷ ቷ» ይላል፤ ሲረግጡት ይብስበታል። የዘይት ኮፓው ሲወርድ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ሞልቷል። የቤላ ብሮንዚና ሄዷል ማለት ነው። እስከዚህ ነውር የለውም፤ የማንም ሞተር ይበላሻል። ቢኤምደብሊው እንኳ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሸጣቸውን ኤም 3 መኪኖች ጠርቶ የቤላ ብሮንዚናቸውን በራሱ ወጪ ቀይሯል።

ነውሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክራንኩ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ከሶማሌ ተራ አዲስ ብሮንዚና ይመጣል። ሰፋ ካለ ከጀርባው የጣሳ ቁራጭ ይገባል። ወፍራም ዘይት ይሞላና «በቃ፣ ድምፁ ጠፋ!» ይባላል። ድምፁ ተደበቀ እንጂ የት ጠፋ? ነገ አዳማ መንገድ ላይ ቤላው ብሎኩን በስቶ ሲወጣ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ጎበዝ! ብሮንዚናው ሟቹ ነው፤ ገዳዩን ፈልጉ። ዘይት አንሶ ነው? የዘይት መሳቢያው ቱቦ ተሰንጥቆ ነው? ፓምፑ ደክሞ ነው? ይህ ሳይታወቅ የገባው አዲስ ብሮንዚናም ተራውን ይጠብቃል።

በብሮንዚናውና በክራንኩ መካከል ያለው የዘይት ክፍተት በአብዛኛው ሞተር ላይ ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ዓይን አይለካውም፣ ጣትም አይለካውም። የሚለካው ማይክሮሜትር ነው። ክራንኩ ከተጫረ ወይም ከሞለለ ሬቲፊካ ቤት ሄዶ 0.25 ወይም 0.50 ይወርድና ለዚያ ልክ የተሠራ ብሮንዚና ይገባለታል። መውረድ የማይፈቀድለት ክራንክም አለ፤ እሱ ይቀየራል። የጋለ ቤላ ዓይኑ ይሞልላልና እሱም ይለካል።

ብናኙስ? በክራንኩ የዘይት ቀዳዳዎች፣ በፓምፑ፣ በዘይት ማቀዝቀዣው፣ በተርቦው ውስጥ ተሸሽጎ ይጠብቃችኋል። ፊልትሮ መቀየር ብቻ አያወጣውም።

«ደንበኛው እኮ ገንዘብ የለውም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ደግሞም «ቀንስልኝ፣ በሁለት ቀን ጨርስልኝ» የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ከጥፋቱ ድርሻውን ይውሰድ። ግን ሁለቴ የወረደ ሞተር አንዴ በወጉ ከተሠራው ይወደዳል። «በዚህ ብር አይሠራም፣ እስክታገኝ ይቁም» ማለትም ሙያ ነው።

በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለን ሞተር ያለን ነው። አንድ ብሎክ በግዴለሽነት በተበሳ ቁጥር ምትክ ማግኘት እየከበደ ነው የሚሄደው።

ባለመኪኖች፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክራንኩ ሲለካ ስንት ሆነ? ብሮንዚናውን ምን በላው? የዘይት ማቀዝቀዣው ምን ተደረገ? ለመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥር ካልተሰጣችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ ማይክሮሜትሩን ከመሳቢያ አውጡት። አቧራ ሊጠጣ አይደለም የተገዛው።