መሮጡንስ ሮጠች፣ ማን ያቁማት?

የዛሬው ጠያቂያችን የወልቂጤ ልጅ ነው። አጎቱ የሰጡትን አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ሞተሯን አሠርቶ፣ ሰፊ ቸርኬ አድርጎላት «የሚቀድመኝ የለም» ይላል። በመጪው ወር እናቱንና ሁለት እህቶቹን ለሰርግ ጅማ ሊያደርስ ቃል ገብቷል። ችግሩ፣ ፍሬኑ መጀመሪያ ሲረገጥ ይሰምጣል፣ ሲደገም ይይዛል። «ጓደኞቼ ሁለቴ እየረገጥክ ንዳ ይሉኛል። አልሄድም ብል እናቴ ታዝንብኛለች። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ በዚህ ፍሬን እንኳን ጅማ፣ ገበያም አትሂድ!

ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አራት ሰው የጫነች መኪና እዚያ ፍሬን እንደተረገጠ ከወረደች ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፣ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ መፍላት የለበትም። ግን እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግርህ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ሁለቴ ቀርቶ አሥሬ ብትረግጥ ላያድንህ ይችላል።

ሲደገም የሚይዝ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል። ፔዳሉን ተጭነህ ስትቆይ ቀስ እያለ ከሰመጠ የማስተሩን ጎሚኒ ጠርጥር። ዘይት ጎድሎ ከሆነ ዝም ብለህ አትሙላ፤ ከጎማዎቹ ጀርባ የሚያፈስ መኖሩን አሳይ። የፊት ሸራ ከ3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። የተሰነጣጠቀ የላስቲክ ቱቦም ይቀየር። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ አስለውጥ። ሥራውን ፍሬን ለሚያውቅ መካኒክ ስጥ።

ከተሠራም በኋላ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ። ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ የሞኝ ቁጠባ ነው።

እኔ ብሆን የሰርጉን ሱፍ ትቼ ፍሬኑን አሠራ ነበር። ገንዘቡ ካልሞላ ለእናትህ ይሉኝታ ሳይዝህ እውነቱን ንገራት፤ በአውቶቡስ ሂዱ። እናት በአውቶቡስ ሰርግ ገባሁ ብላ ልጇን አትቀየምም። ስትመለሱ ጻፍልኝ።