ከላምዳ በፊት ሉፕ

ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ላምዳንና ስትሪምን ይዞ መጣ። ዛሬ ብዙዎቻችን «ፍላትማፕ»ን ከሲኒየር ኮድ ገልብጠን እናስረክባለን። ኮዱ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ስንጠየቅ ግን ዝም ነው። ይህ ዕውቀት አይባልም።

ነገሩ ከባድ አይደለም። የዲፓርትመንቶች ዝርዝር አለን እንበል፤ እያንዳንዱም የራሱ ተማሪዎች ዝርዝር አለው። በ«ማፕ» ተማሪዎቹን ብናወጣ የምናገኘው የዝርዝሮች ስትሪም ነው። «ፍላትማፕ» ግን የእያንዳንዱን ዝርዝር ስትሪም አገናኝቶ አንድ ወጥ የተማሪዎች ስትሪም ይሰጠናል።

መጀመሪያ በሁለት ተደራራቢ ፎር ሉፕ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ወደ ስትሪም ቀይሩት። መድረሳ ቃዒዳ ሳንጨርስ ሙስሐፍ አላስያዙንም። ሲኒየሮችም ኮድ ከምትሰጡን አንድ ሰዓት ብታስረዱን ይሻላል።