ንግድና እውነተኛ መግለጫ

ንግድ ለአንድ አገር ሀብት ታላቅ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ነጋዴ ዕቃውን ሰብስቦ ስለ ተቀመጠ ብቻ ገዢ አያገኝም፤ ያለበትን ስፍራ፥ የያዘውን ዕቃና የሚሸጥበትን ዋጋ ለሕዝብ ማስታወቅ ያስፈልገዋል። በቀድሞው ዘመን ይህን ሥራ የገበያ ቀን ይሠራለት ነበር። ገዢው ወደ ገበያ ወጥቶ እህሉን በእጁ ዘግኖ፥ ሸማውን ዘርግቶ፥ ቅቤውን አሽትቶ፥ የሻጩንም ፊት ተመልክቶ ይገዛ ስለ ነበረ ዐይኑና እጁ ምስክሮቹ ነበሩ። በኢንተርኔት የሚካሄደው ያሁኑ ዘመን ንግድ ግን እነዚህን ምስክሮች አስቀርቷቸዋል። ገዢው ዕቃውን ሳይዳስስ፥ ሻጩንም ሳያይ ገንዘቡን ይልካል። ስለዚህ በዐይንና በእጅ ፋንታ የቆመው ምስክር የሻጩ ቃል ነው፤ ይህም ቃል የተበላሸ እንደ ሆነ ንግዱ ከሥሩ ይናጋል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የገላን ኮንዶሚኒየም ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። ስፍራው ከመርካቶና ከፒያሳ የራቀ ስለ ሆነ ለጥቂት ዕቃ ወደዚያ መመላለስ ጊዜንም ገንዘብንም ይፈጃል። በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች ሥር የሚገኙት የንግድ ቤቶች ደግሞ በጨረታ የሚሸጡ ናቸውና ጥቂት ገንዘብ ላለው ሰው የሚቀመሱ አይደሉም። ከዚህም የተነሣ በአራተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጦ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጅ ወይም የሕፃናት ልብስ የሚሰፋ ሰው ሱቁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ላይ ቢከፍት የሚያስደንቅ አይደለም። ሂሳቡን በ2013 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በቴሌብር ይቀበላል፤ ዕቃውንም በሞተር ብስክሌት ይልካል። የሱቅ ኪራይ ሳይከፍል በራሱ ላብ ለመኖር የሚጥር እንዲህ ያለ ሰው ሊመሰገንና ሊበረታታ የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ስም ከብሎኩ ደጃፍ አልፎ ወደ ሳሪስና ወደ ቦሌ እንዲሰማ ምን ማድረግ ይገባዋል? ባለብዙ ሀብቱ ኩባንያ የቴሌቪዥንን ሰዓት በገንዘቡ ይገዛል፤ ለትንሹ ነጋዴ ግን ይህ የሚቻለው አይደለም። ለእርሱ የተከፈተለት በር ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ንግድና ጋዜጣ በኢትዮጵያ የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ ይወጣ የነበረውን «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ ያቋቋመው አንድርያስ ካቫድያ የተባለ የግሪክ አገር ነጋዴ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ የጋዜጣን ደጅ ቢያንኳኳ ነውር የለበትም። ነገር ግን በምን ዓይነት ቃል እንደሚያንኳኳ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያ፥ ማስታወቂያና መግለጫ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ማስታወቂያ ነጋዴው ከፍሎ የሚገዛው ቦታ ነው፤ ሕግ በወሰነለት መጠን ዕቃውን እንደ ወደደ ያመሰግንበታል። መግለጫ ግን ለአዘጋጁ ፍርድ የሚቀርብ ጽሑፍ ነው። ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር የተገኘበት እንደ ሆነ ዜና ሆኖ ይወጣል፤ ያልተገኘበትም እንደ ሆነ ይቀራል፤ በዚህም ማንም ሊቆጣ አይገባውም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ጽሑፍ ተለይቶ እንዲታወቅ የሚያዘው አንባቢው እንዳይታለል ነው። ስለዚህ ለጋዜጠኛ በስውር ገንዘብ ሰጥቶ ማስታወቂያውን ዜና አስመስሎ የሚያሳትም ነጋዴ አንባቢውን ይዋሻል፤ ገንዘቡን የሚቀበለውም ጋዜጠኛ የራሱ ያልሆነውን የጋዜጣውን ስም ይሸጣል።

ይህ መግለጫ የሚባለው ነገር እንዴት እንደ ተጀመረ መመልከትም ትምህርት ይሰጣል። በ1899 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1906፥ በአሜሪካ አገር በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ የፔንሲልቫኒያ ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ወደ ውሃ ወድቆ ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ዘመን ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን አደጋ መደበቅ ልማዳቸው ነበር። የኩባንያው አማካሪ አይቪ ሊ ግን ስለ አደጋው የሚታወቀውን ጽፎ ለጋዜጦች ላከ፤ ጋዜጠኞቹም ስፍራውን በዐይናቸው እንዲያዩ አደረገ። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣም ጽሑፉን እንዳለ አተመው። ብዙዎች እንደ መጀመሪያው የሚቆጥሩት ጋዜጣዊ መግለጫ ይህ ነው። እንግዲህ ይህ ዓይነት ጽሑፍ የታወቀው ትምክሕትን በመንዛት ሳይሆን ክፉውን ነገር ሳይሸሽጉ በመናገር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ግን ከነጋዴዎች ወደ ጋዜጦች የሚላኩት አያሌ ጽሑፎች ከዚህ መንገድ የራቁ ናቸው። አንዱ «በዓይነቱ ልዩ የሆነ» ይላል፤ ሌላውም «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» ብሎ ይጀምራል። ሁሉም የመጀመሪያ ከሆነ ሁለተኛው ማን ሊሆን ነው? የማይመረመር ትልቅ ቃል የሚመረመረውን ትንሽ እውነት ይጋርደዋል። የገላኑ ነጋዴ «የከተማው ታላቅ ልብስ አቅራቢ» ብሎ ቢጽፍ የሚያምነው የለም። «በገላን፥ በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ ለሚኖሩ ሰዎች የታዘዘ የሕፃናት ልብስ በሁለት ቀን ይደርሳል፤ ያልበቃውንም ልብስ በሳምንት ውስጥ መልሶ መለወጥ ይቻላል» ብሎ ቢጽፍና እንዳለውም ቢፈጽም ግን ይህ ለብዙ እናቶች የሚጠቅም እውነተኛ ዜና ነው።

የአጻጻፉም ሥርዓት ከባድ አይደለም። አርእስቱ ነገሩን በአንድ መስመር ይናገር። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን፥ ምን፥ የትና መቼ እንደሚሠራ፥ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ ይግለጥ። ከዚያ በኋላ ሥራው ለምን እንደ ተጀመረ፥ ስንት ሰዎችም እንደሚሠሩበት ሳይጨመርና ሳይቀነስ ይነገር። የንግድ ፈቃዱ፥ ስልኩና አድራሻው ከነቀኑ ይጻፍ፤ በኮንዶሚኒየም መንደር የመንገድ ስም ብዙ ጊዜ ስለማይታወቅ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር መጥቀስ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ፎቶግራፉም ከሌላ አገር ሱቅ የተወሰደ ሳይሆን የራሱ የዕቃው ይሁን።

አላላኩም ቢሆን ማስተዋልን ይጠይቃል። አንዱን ጽሑፍ ለአገሩ ሁሉ መበተን ዘርን በመንገድ ላይ እንደ መጣል ነው። ነጋዴው አስቀድሞ ጋዜጦቹን ያንብብ፥ ሬዲዮውንም ያዳምጥ፤ ስለ ንግድና ስለ ኑሮ የሚጽፈው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ይወቅ፤ ከዚያም ለዚያ ክፍል በስሙ ይላክ። ገላን ከሸገር ከተማ ጋር የሚዋሰን ስለ ሆነ መግለጫውን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ጽፎ እንደ በሪሳ ላሉ ጋዜጦች መላክ አዲስ ገዢ ያመጣል። ከላከም በኋላ ጋዜጠኛ ደውሎ ቢጠይቀው ስልኩን ያንሣ፤ «ዕቃህን አሳየኝ» ቢለውም ያሳይ። ለመታየት የማይፈቅድ ነጋዴ መግለጫ ባይልክ ይሻለዋል።

የጋዜጣ አዘጋጆችም የበኩላቸውን መፈጸም አለባቸው። የትንሹን ነጋዴ ደብዳቤ የታወቀ ስም ስለሌለው ብቻ ወደ ጎን መጣል አይገባም፤ እንዲሁም የመጣላቸውን ሁሉ ሳይመረምሩ ማተም አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ሻጭ ማንነቱን፥ አድራሻውንና ዋጋውን ለገዢ እንዲገልጥ ያስገድዳል። እንግዲህ አዘጋጁ ሊጠይቅ የሚገባው ሕጉ የሚጠይቀውን ነው፤ አንድ የስልክ ጥሪም አብዛኛውን ነገር ይገልጥለታል። አንድ አታላይ በጋዜጣ ስም ተመስክሮለት የሕዝብን ገንዘብ ይዞ የጠፋ እንደ ሆነ ጉዳቱ በተታለለው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የጋዜጣውን ቃል አያምንም፤ በፎቋ ላይ ተቀምጣ በቅንነት የምትሠራውን ሴትም «ከዚያ አንዷ ናት» ብሎ ያልፋታል። የሐሰተኛውን ዕዳ የምትከፍለው እውነተኛዋ ትሆናለች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ለንግድም የሚሆን ነው። ዕቃው የዘገየበት ነጋዴ «ዘግይቷል፤ በዚህ ቀን ይደርሳል» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ለጊዜው አንድ ገዢ ያጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን የሚያኖረውን መታመን ያተርፋል። በገላንም ሆነ በሌላው የከተማ ዳርቻ በትጋት የሚሠሩ ሰዎች ሱቃቸው ባይታይም ቃላቸው የሚታይ ስለ ሆነ፥ ስለ ሥራቸው የሚጽፉትን እያንዳንዱን መስመር ሚዛን ላይ እንደሚያወጡት ዕቃ ቆጥረው ሳያጎድሉ ሊሰፍሩት ይገባል።