አምስተኛዋ ጣት ስንት ታወጣለች?

ደብረ ታቦር ገበያ አንድ ደላላ አውራ ዶሮ ገልብጦ የእግሩን ጣቶች ሲቆጥር አየሁት። ወደ ፊት ሦስት፤ ወደ ኋላ አንድ መሆን ሲገባው ሁለት። «ይሄማ የፈረንጅ ደም አለበት፣ ለዘር ነው የሚገዛ» ብሎ ዋጋውን ሰቀለው። አጠገቡ የቆመ ገዢ በበኩሉ «ጉድለት ያለበትን ለበዓል አልወስድም» እያለ ሊያስቀንስ ሞከረ። ባለዶሮዋ እናት ሁለቱን ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉና ዝም አሉ።

በእኔ እምነት ከሦስቱ እውነቱን የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ትርፍ ጣት በዘር የሚወረስ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 የዶሮ ማዳቀል ሙከራውን ሲያሳትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ጣቱ አብዛኛውን ጊዜ በጫጩቱ ላይ ይወጣል፣ አልፎ አልፎ ግን ዘሩ ሳይታይ ያልፋል። አባት ዘሩን ከአንድ ወገን ብቻ ከያዘ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ሲልኪ በተባለው የቻይና ዶሮ ላይ ምክንያቱን ወደ አንዲት የዘረመል ፊደል አጠበቡት። ይህች ፊደል ያለችበት ቦታ ማብሪያ ማጥፊያ ነው ማለት ይቻላል። ጫጩቱ ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ «ሶኒክ ሄጅሆግ» የሚባለው ዘረመል በእግሩ በየትኛው ጠርዝ እንደሚሠራ ይወስናል። በማይገባው ጠርዝ ሲበራ አንድ ጣት ይተርፋል፤ በቃ። ስለ እንቁላል ብዛትም ሆነ ስለ ሥጋ ክብደት የምትነግረን ነገር የለም።

«የፈረንጅ ደም» የሚለውስ? እንግሊዞች ዶርኪንግ የሚባል ባለ አምስት ጣት ዶሮ እንዳላቸው እውነት ነው። ግን ወደ አገራችን በብዛት የገቡት ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን ጣታቸው እንደ ሐበሻ ዶሮ አራት ነው! ደላላችንን ብቻውን መውቀስም አይገባም፤ ሮማዊው ኮሉሜላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ባለ አምስት ጣቶቹ ምርጥ ዘር ተደርገው እንደሚታመኑ ጽፎ ነበር።

ገበያችን ከጣት ይልቅ ለድርብ ኩክኒ አብዝቶ እንደሚከፍል ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። እዚህ ላይ ለዘር የሚገዛ ሰው ይጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ጽጌረዳ መሰሉን ኩክኒ ከእናትም ከአባትም የወረሰ አውራ ዶሮ የማስረገዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከፍ ባለ ዋጋ የተገዛው ጌጥ በጫጩት ቁጥር ላይ ኪሣራ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ የእርባታ ገንዘቡን ሊያፈስ ያሰበ ሰው ሌላ መነሻ አለው። ሐሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ሰባት የአገር ዶሮዎች፣ የጋሳይና የመሎ ሐሙሲትን ጨምሮ፣ ከሮድ አይላንድ ሬድ ጋር አነጻጽሯል። እዚያ የሚቆጠረው እንቁላል፣ የሚመዘነው ክብደት ነው። ባለዶሮዋን እናትም «በስንት ወሯ ጣለች? ከታቀፈችው ስንቱን ፈለፈለች? ስንቱ አደገ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አላየሁም። ቢጠየቁ በቃላቸው ይመልሱ ነበር።

ያ አውራ ዶሮ በመጨረሻ የተሸጠው በላባው ቅላት ነው። ጣቱን ያነሣ አልነበረም።