የአያት ዕዳና የወንጌል ኅዳግ

ክርስቲያን ቤተ ሰብ ስለ አያቶቹ ሲጠየቅ ደግ ደጉን መናገር አይቸግረውም። አንዱ ደብር ተክሏል፤ አንዱ ዓድዋ ዘምቷል፤ ሌላው ቅኔ ተቀኝቶ ተሸልሟል። በሙግት የተረታው፥ ርስቱን ለባለዕዳ ያስያዘው፥ ለዋሱ የሚከፍለው አጥቶ ከአገር የወጣው አያት ግን ትውልድ ሲቈጠር ይዘለላል። በዚህ ወር የምንጽፈው ስለዚሁ ስለተዘለለው አያት ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በሰፈራችን በሲ.ኤም.ሲና በየካ ዙሪያ ዘወትር የምናየው ነው። የሰፈሩ ስም እንኳ ከአንድ የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ስም የተወሰደ ነው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ከሌላ ሰፈርና ከሌላ አገር መጥተው በአዲስ ቤት የገቡ ናቸው። ቤት ሲለወጥ የአያት ሣጥን ይከፈታል። ከውስጡም የፍርድ ግልባጭ፥ የግብር ደረሰኝ፥ በጣት አሻራ የተፈረመ የብድር ውል ይወጣል። ያን ጊዜ ከቤተ ሰቡ አንዱ «ይህ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ሌላውም «ዕዳውን ሰው ባያይብን ይሻላል» ብሎ ወደ እሳት ይጥለዋል። የብዙ ዘመን ምስክርነት የሚጠፋው እንዲህ ነው።

በአማራው አገር የአያት ስም መቍጠር ከጥንት ጀምሮ የፍርድ ሥራ ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቈጥሮ በሽማግሎችና በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ መሬት የሚያስገኘው የትውልድ ሐረግ ሳይረሳ ኖረ፤ ዕዳ የሚያመጣው ግን ተረሳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታ የመንግሥት መሆኑ ከታወጀ ወዲህ፥ በአያት ስም ርስት መሟገት ቀርቷል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት የቆየውን ወረቀት ዋጋ እንደሌለው ይቈጥረዋል። እኛ ግን ነገሩን በተቃራኒው እናየዋለን። ጥቅም ከመካከል ስለወጣ፥ የአያቶቻችንን ታሪክ ያለ አድልዎ ለማንበብ የተመቸው ዘመን ይህ የእኛ ዘመን ነው።

መዝገቡስ የት ይገኛል? አባቶቻችን የርስትን፥ የሽያጭንና የኑዛዜን ነገር ከሚያጽፉባቸው ቦታዎች ዋነኛው የወንጌል ኅዳግና ባዶው ቅጠል ነበር። ይህም መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን ስለሚጠበቅና ውሉን የሚያፈርሰው ሰው በ318ቱ ሊቃውንት ቃል ስለሚወገዝ ነው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ የሻጩና የገዢው ስም፥ በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ የተቈረጠው ዋጋ፥ የዋሱና የምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። ሴቶችም ሻጭና ገዢ፥ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በስማቸው ተጠርተዋል። የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበራዊ ኑሮ በ1992 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ሲጽፉ ከእነዚህ ጽሕፈቶች ብዙ ተጠቅመዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካወጧቸው መጻሕፍት ከ300 የሚበልጡት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ለንደን ገብተዋል። ከእነዚህ መጻሕፍት ጋራ የጎንደር ሰዎች ውልና ሙግትም አብሮ ሄዷል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን በቤተ ክርስቲያናችንና በውጭ አገር ሊቃውንት ትብብር 9 ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ለቅርቡ ዘመን በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። የመሬት ሥሪትንና የግብርን ቋንቋ ለመረዳት ደግሞ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ታላቅ መሪ ነው።

መዝገብ ያገኘ ሰው ለፍርድ አይቸኩል። አስቀድሞ ቃሉን ይመርምር። ለምሳሌ «ወለድ አገድ» የሚል ቢያገኝ፥ አያቱ መሬቱን ሸጦታል ማለት አይደለም፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ፍሬውን እንዲበላ መሬቱን አስይዟል ማለት ነው። ቀጥሎ ስሙን ይመርምር። በመዝገብ የሚገኘው የክርስትና ስም ወይም የፈረስ ስም ሊሆን ይችላልና፥ የአባቱ ስምና አገሩ ካልገጠመ በቀር «ይህ የእኛ ነው» አይበል።

ከዚያ ዘመኑን ይመርምር። የቀድሞ ጸሓፊ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቍጥር አይጽፍም፤ «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ የንጉሡን ስም ይጨምራል። እንግዲህ ውሉ በዘመነ ሉቃስ፥ በንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ዘመን፥ ከዓድዋ ዘመቻ በፊት ተጻፈ እንበል። ንጉሠ ነገሥቱ ከቤታችን ቀና ስንል በምናየው በእንጦጦ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት ስናካፍል ሦስት የሚተርፈው ዘመነ ሉቃስ ነውና፥ ከዘውዱ እስከ ዘመቻው ድረስ የሚገኙት 1883 እና 1887 ብቻ ናቸው። ዓመቱ 1883 ከሆነ ያ አያት የተበደረው በክፉ ቀን መካከል ነው። በዚያ ወራት የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፥ ገበሬ መሬቱን በዶማ ይቈፍር ነበር፤ በረኀብም ብዙ ሕዝብ አልቋል። በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ለልጆቹ እህል የሚሻ ሰው ከጎረቤትና ከነጋዴ በቀር ወደ ማን ይሄድ ነበር? ስሙን እናጠፋዋለን ስንለው የነበረው ባለዕዳ ቤቱን ከሞት ያተረፈ አባት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። የዚህ ተቃራኒም ሊገኝ ይችላል። አያታችን የድኻውን ርስት በአራጣ የወሰደ ሆኖ ቢገኝ እርሱንም እንደ ተጻፈው መቀበል ይገባል።

ዕዳን ከኀጢአት ጋራ አንድ አድርጎ ማየትም አይገባም። በኤልሳዕ ዘመን ወደ ነቢዩ የጮኸችው መበለት ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ዕዳ ትቶ ስለሞተ አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ መጣ። ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባ ሳለች የአናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ፥ የውሉን ጽሕፈት ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። እኛም ሁላችን የባለዕዳ ልጆች መሆናችንን በየዓመቱ ጥር 11 ቀን እንሰማለን። መምህራን እንደሚያስተምሩን፥ አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ ያጻፉትን የዕዳ ደብዳቤ ጌታ አንዱን በዮርዳኖስ፥ ሁለተኛውን በሲኦል ደምስሶልናል። ቤተ ክርስቲያን የዚያን ደብዳቤ ነገር አልሸሸገችም፤ ለልጆቿ ስትተርከው ትኖራለች።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የአያት ሣጥን ስትከፍቱ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ወረቀቱን ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁት፤ ቅጂውንም አስነሡ። ፊደሉ ቢያስቸግራችሁ ወደ ደብሩ ሊቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአያታችሁን አጥቢያ የምታውቁ እንደ ሆነም የወንጌሉን ኅዳግ ለማየት አስተዳዳሪውን በትሕትና ጠይቁ። ያነበባችሁትን ዓመተ ምሕረቱንና የምስክሮቹን ስም ጨምራችሁ በደብተር ጻፉት። ልጁም ስለ ዕዳው ቢጠይቅ አያቱ ለምን እንደ ተበደረ፥ ማን እንደ ዋሰው፥ በመጨረሻም እንዴት እንደ ሆነ መዝገቡ የሚለውን ያህል ብቻ ንገሩት።