የራዲዮ ድምፅ በቦረና ደጋ

ነጋሪት የሚጎሰመው ለሰሚ ነው። ዐዋጁ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ድምፁ ከገበያው ዳር ሳይደርስ ከቀረ፣ በዳር ለቆመው ሰው እንዳልተነገረ ይቈጠራል። የራዲዮም ነገር እንዲሁ ነው። የጣቢያው ሕንፃ ማማር፣ የመሣሪያው ዋጋ መክበድ፣ የተናጋሪው አንደበት መጣፈጥ ሁሉ የሚመዘነው ቃሉ ከታሰበለት ሕዝብ ጆሮ በመድረሱ ነው። ለዚህም ነገር መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በቂ ምሳሌ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ከራዲዮ ጋር ከተዋወቀች ብዙ ዘመን ሆኗል። ሽቦ የሌለው ቴሌግራፍ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ «ነፋስ ስልክ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም የአዲስ አበባ ሰፈር መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ፤ በ1928ቱም የጦርነት ዘመን የኢትዮጵያ አቤቱታ በእርሱ በኩል ለዓለም ተሰማ። ከዚያም በኋላ ለትምህርት ሥራ የተመደቡ አነስተኛ ኃይል ያላቸው የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በየክፍለ ሀገሩ ተተከሉ፤ በባሕር ዳር የአማራ ክልል ራዲዮ ተቋቋመ፤ በደሴም የኤፍ ኤም ጣቢያ ተከፈተ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት ዐዋጅ ቍጥር 533 ደግሞ የየአካባቢው ማኅበረሰብ የራሱን ራዲዮ እንዲያቆም መንገድ ከፈተ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የጣቢያ መብዛትና የሕዝብ መስማት አንድ አይደሉም።

መካነ ሰላም በቀጥታ መስመር ሲለካ ከደሴ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባም በስተ ሰሜን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በካርታ ላይ ኮምፓስ ይዞ ክብ ለሚሥል ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ምድሩ ግን እንደ ወረቀቱ አይደለም። በስተ ምዕራብ የዓባይ ሸለቆ አገሩን ከጎጃም ይለያል፤ በስተ ሰሜን በሽሎ ይቈርጠዋል፤ ወደ ደሴ በኩል የለጋምቦ ደጋ ይጋርዳል፤ የአምባ ፈሪት ተራራም ከ3900 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ፊት ለፊት የሚያየውን ያገኛል እንጂ ከተራራ ኋላ ያለውን መንደር በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ከደሴ በኩል ለሚመጣ የኤፍ ኤም ድምፅ በየከፍታው የሚቀባበል መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱም መሣሪያ መንገድ፣ መብራትና ጠባቂ ያሻል።

መካከለኛ ሞገድ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ርዝመቱ በመቶ የሚቈጠር ሜትር ስለ ሆነ ምድርን ተከትሎ ይጓዛል፤ ኮረብታም ሲያጋጥመው በመጠኑ ይታጠፋል። ዳሩ ግን የራሱ ችግር አለው። በ1000 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 300 ሜትር ነው፤ የሞገዱ ሩብ የሆነ ምሰሶ ለማቆም 75 ሜትር ብረት ያስፈልገዋል። ከምሰሶውም ሥር እንደ ፀሐይ ጨረር የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ፣ በተለመደው ደንብ 120 ያህል፣ በመሬት ይቀበራል። እርጥበት የሚይዘው ጥቁር አፈር ሞገዱን በደኅና ያሳልፋል፤ ደረቅና ዐለታም ምድር ግን ኃይሉን ይበላዋል።

ኃይል መጨመር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የድምፁን ብርታት በአንድ ስፍራ ዕጥፍ ለማድረግ የጣቢያው ኃይል አራት ዕጥፍ መሆን አለበት፤ ከ1 ኪሎ ዋት ወደ 4 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀን በፀሐይ ብርሃን ሞገዱን የሚውጠው የላይኛው አየር ሽፋን ሲመሽ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የሩቅ ጣቢያዎች ድምፅ ከሰማይ ተመልሶ ይወርዳል። ገበሬው ከእርሻ ገብቶ ራዲዮውን በሚከፍትበት ሰዓት፣ ቀን በደኅና ይሰማ የነበረው ትንሽ ጣቢያ ከቀይ ባሕር ማዶ በሚመጣ ድምፅ ይሸፈናል። መንግሥታት በ1968 ዓ.ም. በጄኔቭ ተሰብስበው መስመሮቹን በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት የተከፋፈሉት ይህን መተራመስ ለመቀነስ ነው።

አቅጣጫ ያለው አንቴና የሚባለው ብልሃት የተገኘው ከዚህ ችግር ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ጣቢያ የሚልዋኪን ጣቢያ እንዳያውክ በዚህ መንገድ ተሠራ። ሁለት ምሰሶዎች በተመጠነ ርቀት ቆመው የኤሌክትሪኩ ምት ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት እንዲዘገይ ሲደረግ፣ ሞገዱ በአንድ ወገን ይደመራል፣ በሌላው ወገን ይጣፋል። በተመረጠው ወገን ኃይሉ ዕጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ አዲስ ውሃ ማፍለቅ ሳይሆን ቦይ መመለስ ነው፤ ወደ አንዱ ማሳ የተመለሰው ውሃ ከሌላው ማሳ የጎደለ ነው።

እንግዲህ በመካነ ሰላም እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢታሰብ፣ ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ድምፁን ወደ ሳይንት፣ ወደ ለጋምቦ፣ ወደ ወግዲና ወደ ከለላ አዙሮ የዓባይን ሸለቆ መተው በመጀመሪያ ሲታይ ብልኅነት ይመስላል፤ ብዙው ሕዝብ በደጋው ነውና። ግን በሸለቆው ቆላ የሚኖረው ገበሬ የወባን ነገር አስቀድሞ መስማት የሚገባው እርሱ ነው። ከሐኪምም ከመንገድም የራቀው ሰው ከድምፅም እንዲርቅ ከተደረገ፣ ጣቢያው የተተከለበት ምክንያት ይፈርሳል። ስለዚህ የሚተወው ወገን ፈጽሞ ባዶ እንዳይሆን አንቴናው መስተካከል፣ ይህም ባይቻል ለቆላው በአፋፉ ላይ ትንሽ ማቀበያ መጨመር ይገባል።

መካከለኛ ሞገድ ያረጀ ነገር ነው የሚሉ አሉ፤ ጀርመንም በ2008 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን ብሔራዊ ጣቢያዎቿን መዝጋቷን ይጠቅሳሉ። ጀርመን የዘጋችው ግን ሌላ መንገድ አስቀድማ ስላዘጋጀች ነው። ሌላው መንገድ በሸለቆ በሚቋረጥበት አገር አሮጌውን በችኮላ መጣል ለሕዝቡ የሚበጅ አይሆንም።

ከሁሉም በፊት መለካት ያስፈልጋል። ምሰሶ ሳይተከል፣ ትንሽ መሣሪያ አቁሞ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በበጋም በክረምትም፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየዞሩ የድምፁን ብርታት መመዝገብ ይቻላል። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ ይህም ለተማሪዎቹ ጥሩ የትምህርት ሥራ፣ ለአገሩም ጥቅም ይሆናል። ፈቃድ የሚሰጠው ባለ ሥልጣንም በወረቀት የተሣለ ክብ ሳይሆን በእግር የተለካ መዝገብ እንዲቀርብለት ቢጠይቅ፣ የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ ከመውጣት ይድናል። የበልግ ዝናብ መዘግየትን፣ የአንበጣን መምጣት፣ የእህልን ዋጋ በጊዜው የሰማ ገበሬ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ያልሰማው ግን ከጉዳቱ በኋላ ይነቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ምሰሶው ወደ የት እንደ ዞረ ብቻ ሊሆን ይችላል።