«ተዛውሯል» ብላችሁ ለፈረማችሁ

ይድረስ፦ የልጆቻችንን ትምህርት በአደራ ለያዛችሁ፣ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» ብላችሁ ለፈረማችሁና ላስፈረማችሁ ሁሉ

አዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጬያለሁ። «አገሩ ከዚያ ወዲህ ስንት መከራ አይቷል፤ የጥቂት ወር ትምህርት ምን ያስለቅሳል?» ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ግን ያስለቅሳል። ሞት የገባበት ቤት ድንኳን ይጣልለታል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ጎረቤት አብሮ ያመሻል። እኛ ቤት የጠፋውን ነገር ግን እስከ ዛሬ ምን ጠፋ ብሎ የጠየቀን የለም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጀመሪያ ለ15 ቀን ነበር የተባለው። በመዝጋታችሁ አልወቅሳችሁም። ያን ሰሞን ሰው አልኮልና ጭምብል ፍለጋ በራችን ላይ ሲጋፋ አይቻለሁ። ማታ ቤት ስደርስ ልብሴን ሳልቀይር ትንሹ ልጄ እንዳይጠመጠምብኝ በር ላይ በእጄ ምልክት አስቆመው ነበር። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ፊደል አጋምሶ ነው ቤት የዋለው።

ትምህርት በቤት ይቀጥላል ተባለ። ትምህርት ቤታቸው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፤ ወርክሺት በፎቶ፣ የመምህራኑ ድምፅ በቅጂ ይላክ ጀመር። እኛ ቤት ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ሥራ ይውላል። አባታቸው የሚሠራው ክፍለ አገር ነው። አብራቸው የምትውለው እናቴ የያዘችው ደግሞ ለመደወል ብቻ የምትሆን ስልክ ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድኃኒት እየቆጠርኩ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። የልጆቼ ክፍል ነው። ኪሴ ውስጥ ይጀመራል፣ ኪሴ ውስጥ ያልቃል።

ማታ ስገባ ስልኩን መጀመሪያ የምትወስደው ታላቂቱ ናት። ስምንተኛ ክፍል ስለነበረች ፈተና ይጠብቃታል። ትንሹ ተራው እስኪደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። እኔ ከስልኩ ላይ ጥያቄውን ወደ ደብተሩ በእጄ እገለብጣለሁ፤ ማተሚያ ከየት ይመጣል? አንድ ማታ ወርክሺቱ ላይ የበግ ሥዕል አለ፤ አጠገቡ «በ» ተጽፎ ቀጥሎ ክፍት ቦታ። ልጁን ቀሰቀስኩት። አንገቱን ትከሻው ላይ ጥሎ እርሳሱን ያዘ። «ግ» በል አልኩት፤ «ገ» ጻፈ። አጠፋና «ጉ» ጻፈ። ዓይኑ ተከደነ። እርሳሱን ከጣቶቹ መሃል አውጥቼ፣ የእሱን አጻጻፍ አስመስዬ፣ ሆን ብዬ ፊደሉን አጣምሜ ጨረስኩለት። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። መምህርቱ «ጎበዝ!» ብላ ከጭብጨባ ጋር መለሰችልኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ማታ እንዲሁ ሆነ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። መምህርቱን ግን አልወቅስም። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደብተር በየማታው በፎቶ የሚደርሰው በእሷ ስልክ ላይ ነበር፤ ፓኬጁን የምትሞላውም ከኪሷ ነበር።

ፊደል በጋራ ነው የሚቆጠረው። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የሳተው ከጓደኛው ድምፅ ሰምቶ ይታረማል። የድምፅ ቅጂው ግን ልጄ ቢስትም ባይስትም አይጠብቀውም፤ «ሊ፣ ላ» ብሎ ያልፋል። ይህ ለእናንተ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በፕላዝማ አስተምራችኋል። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ትውልድ ነው። እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ አንድ ነገር ያመለጠው ተማሪ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ እያየ ይቀመጣል። ስክሪን የልጅ ጥያቄ እንደማይሰማ አገሩ በራሱ ልጆች ላይ አይቶ ጨርሶ ነበር።

ሰኔ 22 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ሦስት ሳምንት ያህል ግሩፑ ድምፁ አልተሰማም። ሰው እየሞተ ስለ ወርክሺት ማውራት ነውር ሆኖብኝ ዝም አልኩ። ሲመለስ ያልተከፈተው መልእክት ተቆልሎ ጠበቀኝ። ቁጭ ብዬ አየሁትና አልከፈትኩትም።

ክፍያ ግን አልተቋረጠም፤ ወላጅ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር፣ ከፍለናል። መምህራኑም ደመወዝ ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ያቆሰለኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ተማሪው ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ ተወሰነ። የልጄ ካርድ መጣ። «ወደ 2ኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል። ማን ጠየቀው? ማን አስነበበው? በ2013 ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ሲከፈቱ ልጆቹ በፈረቃ ተመለሱ፤ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ታደላቸውና ከገጽ አንድ ተጀመረ።

ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው ያወቅሁት። እናቴ ስኳር አለባት፤ ማንበብ አትችልም። መድኃኒቷ ተቀይሮ ፖስታው ላይ በእጄ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ጽፌላት ሥራ ሄድኩ። ረስታው ኖሮ ልጁን አስነበበችው። «ከምግብ በፊት ነው እማማ» አላት። ሦስት ቀን በባዶ ሆዷ ወስዳ ሲያቅለሸልሻት ጠየቅኋት። «ተማሪው ነው ያነበበልኝ» አለችኝ፣ ኩራቷ ፊቷ ላይ እንዳለ። «ከምግብ በ» እስከሚለው ድረስ አንብቧል፤ ቀሪውን ገምቷል።

ያን ማታ የአማርኛ መጽሐፉን ከፈትኩለት። ጥርት አድርጎ ወረደው። መዳፌን ገጹ ላይ አሳረፍኩ። ማንበቡን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አስጠኚ ቀጥሬለታለሁ፤ አሁን ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ያነባል። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ነው የሚያነበው፤ ሰው ሲያየው ጣቱን ይደብቃል። ክፍል ውስጥ እጁን አያወጣም።

ታላቂቱ ለጥቂት ሳምንታት ማካካሻ ተምራ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትፈተን ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጡት 5.4 በመቶ ተፈታኞች ውስጥ አልነበረችም። ከእሷ ሁለት ዓመት ቀድመው፣ በኮሮናው ዘመን አሥረኛ ክፍል የነበሩት ሲፈተኑ ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። ሁሉንም በኮሮና አላሳብብም፤ ኩረጃን ለማስቀረት ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱም እውነተኛውን ገመና እንዳወጣው አውቃለሁ። ልጄ ግን ሒሳብ መቼ እንደጠፋባት ትናገራለች፦ «ከስልክ ላይ ስንገለብጥ የነበረ ጊዜ።»

አብራን የምትኖር፣ ቤት የምታግዘን ልጅም ነበረች። ማታ ማታ ትማራለች፤ አራተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ለማታ ተማሪ ግሩፕ የከፈተ የለም፤ ቢከፈትም ስልክ አልነበራትም። ደብተሮቿን በላስቲክ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። የኔዎቹ ሲመለሱ እሷ አልተመለሰችም፤ እኔም ተመለሽ አላልኳትም፤ ማታ ማታ ቤት መገኘቷን ለምጄው ነበር። በዓመቱ ፓስፖርት አውጥታ ዓረብ አገር ሄደች። ደብተሮቹን አልጋ ስናነሳ አገኘናቸው። ከእናንተ ጋር ስጣላ የራሴን ድርሻ እንዳልደብቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ነው ያን ጊዜ ቤት የዋለው። ከኮሮና በፊትም አብዛኛው የአሥር ዓመት ልጅ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ እንደማይረዳ የዓለም ባንክ ያወጣውን ታውቃላችሁ፤ እንግዲህ ከዚያ ላይ ምን ያህል እንደ ተቀነሰ አስቡት። እኔ ስልክና ደመወዝ ያለኝ፣ ከተማ የምኖር ሰው ነኝ። ሬዲዮ እንኳ በሌለበት መንደር ያለችው እናት ምን ትበል?

የምለምናችሁ ያለፈውን መልሱልኝ ብዬ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ኮሮናን ጦርነት ተክቶት ዓመታት ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች አሉ። በአማራ ክልልም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ ካርዱ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት እያንዳንዳቸውን አጠገባችሁ አስቀምጡ። አንድ ገጽ አስነብቡ። መዳፋችሁን ገጹ ላይ አሳርፉና አድምጡ። ያላወቀውን ልጅ «አላወቅህም» ብላችሁ አታሳፍሩት፤ ካቆመበት ጀምሩለት፣ ዕድሜው ቢገፋም። ለመምህሩም ለዚህ የሚሆን ጊዜና ደመወዝ ስጡት። የኔ ልጅ ዘመን ተማሪዎችንም ጠይቋቸው፤ አሁን ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ የትም አልሄዱም። ያገኛችሁትንም ለእኛ ለወላጆች ንገሩን።

የልጄ የአንደኛ ክፍል ደብተር አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከመጋቢት በፊት ያለው ገጽ የእሱ ነው፤ «ሰ» ተገልብጣ የተጻፈችበት፣ ላጲስ ወረቀቱን የቀደደበት። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ልታዩት ከፈለጋችሁ አመጣላችኋለሁ።

የሁለት ተማሪዎች እናት
አዲስ አበባ